ማንበብ ለሚቸግራቸው ልጆች የክረምት አነስተኛ ቡድን፦ 6 ሳምንቱን በምን እንሙላው?

የክረምት አስተባባሪ፦

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ አባላት። ማንበብ የሚቸግራቸውን 16 ልጆች በክረምቱ እረፍት በአነስተኛ ቡድን ልናስነብብ እየተዘጋጀን ነው። ከ2ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያሉ ናቸው። ያለን ጊዜ 6 ሳምንት፣ በሳምንት 4 ቀን፣ በቀን 45 ደቂቃ ነው። የሚያግዙን አራት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱ መምህራን፣ ሁለቱ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች። ለጊዜው ያሰብነው ልጆቹን በየክፍላቸው ከፍለን የዓመቱን የአማርኛ መጽሐፍ ከምዕራፍ አንድ ጀምሮ መከለስ ነው። ያዋጣል ወይ? ሥራው ውስጥ ያላችሁ ዘርዘር አድርጋችሁ ብትነግሩን፣ ደቂቃ በደቂቃ ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለናል።

ቀይ እስክሪብቶ፦

በክፍል መከፋፈሉን ተዉት። ሁለት የ3ኛ ክፍል ልጆች «ማንበብ አይችሉም» ተብለው ይመጣሉ። አንዱ ግማሹን ፊደል አይለይም። ሌላው ፊደሉን ሁሉ ይጠራል፤ ቃል ላይ ሲደርስ ግን የጠራቸውን ሆሄዎች ማጣመር ያቅተዋል። አንድ ላይ ካስቀመጣችኋቸው አንዱ ይሰለቻል፣ ሌላው ተደብቆ ይቀመጣል። መጽሐፉን መከለስም ያው ዓመቱን ሙሉ ማንበብ ያቃታቸውን ገጽ መልሶ ፊታቸው መዘርጋት ነው።

መጀመሪያ መዝኑ። ለአንድ ልጅ 12 ደቂቃ ይበቃል። ሁለቱ መምህራን ብቻ ቢመዝኑ ለእያንዳንዳቸው 8 ልጅ ይደርሳል፤ 96 ደቂቃ፣ ማለትም የሁለት ቀን ሥራና ትንሽ ጭማሪ ነው። ልጁ ብቻውን ይሁን፤ ሌሎቹ በማይሰሙበት ጥግ። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቹ እስከዚያ ለሚጠብቁት ልጆች ተረት ያንብቡላቸው።

የምታዩት ይህን ነው። በመጀመሪያ ሆሄ፦ 60 ሆሄ ከተለያየ ቤት (እንደ በ፣ ቡ፣ ቢ ያለው አንድ ረድፍ) እና ከሰባቱም ቅጥያ ተዘበራርቆ በአንድ ወረቀት ላይ። ልጁ ሲጠራ ከንፈሩን ተመልከቱ። «ሞ» ላይ ጣታችሁን ስታሳርፉ ከንፈሩ በቀስታ «መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ» እያለ እዚያ የሚደርስ ልጅ ገበታውን በዜማ ይዞታል እንጂ «ሞ»ን በመልኩ አያውቀውም። መጨረሻ ላይ በትክክል ቢጠራውም ከ3 ሰከንድ በላይ ከፈጀበት «ያልጸና» ብላችሁ መዝግቡ።

ቀጥሎ ወረቀት ሳትይዙ፣ በጆሮ ብቻ፦ «ሰ… ማ… ይ፤ ምን ሆነ?» ብላችሁ እንዲያጣምር፣ «ከበሮ»ን ብላችሁ እንዲነጥል። አምስት አምስት ቃል። ፊደል የሚያውቅ ግን ይህን የማይችል ልጅ ካለ ችግሩ ዓይኑ ላይ አይደለም።

ከዚያ 10 እውነተኛ ቃልና 10 ትርጉም የለሽ ቃል ስጡት፤ «ላሙብ»፣ «ቦሳት»፣ «ሚደል»፣ «ኔጋፍ» የመሳሰሉ። እውነተኛውን ቃል አይቶት ስለሚያውቅ ሊጠራው ይችላል፤ «ላሙብ»ን ግን ሆሄ በሆሄ ካላነበበው በስተቀር መውጫ የለውም።

በመጨረሻ 60 ቃል ያህል ያለው ምንባብ ለ1 ደቂቃ ጮክ ብሎ ያንብብ። የሳተውን ቃል ብቻ ሳይሆን ምን ብሎ እንዳነበበው ጻፉ። «ቤታቸው»ን «ቤታችን» ካለ የቃሉን መጀመሪያ አይቶ ቀሪውን ገምቷል። «ቦታ»ን «ባታ» ካለ ሆሄው ተምታቶበታል። ሁለቱም በቁጥር አንድ አንድ ስህተት ናቸው፤ የሚፈልጉት ሥራ ግን ለየቅል ነው። ተመሳሳይ ክብደት ያለው ሌላ ምንባብ ደግሞ እናንተ አንብቡለትና ሦስት ጥያቄ ጠይቁት። ሲነበብለት የሚገባው፣ ራሱ ሲያነብ ግን የማይገባው ልጅ የጎደለው ንባቡ ነው። ሲነበብለትም ካልገባው ቋንቋውና ቃላቱ ላይ መሥራት አለባችሁ፤ በተለይ አማርኛ በቤታቸው ለማይነገርላቸው ልጆች ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው።

ሲያልቅ ክምሩ ራሱ ይለያል፦ ሆሄ ያልጸናላቸው (ሀ)፣ ሆሄ እያላቸው ማጣመር የሚያቅታቸው (ለ)፣ በትክክል ግን እየተጎተቱ የሚያነቡና ረጅም ቃል የሚሰብራቸው (ሐ)። ለሀ ሦስት ልጅ፣ ለሐ እስከ አምስት። እናንተ ዘንድ 3፣ 4፣ 4፣ 5 ሊወጣ ይችላል። ጎበዙን መምህር ለሀ ስጡ። ብዙ ቦታ ደካማው ቡድን ለጀማሪ ረዳት ይሰጣል፤ የተገላቢጦሽ ነው።

የክረምት አስተባባሪ፦

ከልብ አመሰግንዎታለሁ። የሀ ቡድን ነገር አሳሰበኝ። በ6 ሳምንት 231 ሆሄ እንዴት ይዳረሳል? ከ«ሀ ሁ ሂ» ነው እንደገና የምንጀምረው?

ሳድስ፦

ሒሳቡን ሥሩት። ሁለት የምዘና ቀን ሲቀነስ 22 ክፍለ ጊዜ ይቀራል። ለሚቸገር ልጅ በቀን 3 አዲስ ሆሄ ብዙ ነው፤ እሱም ሁሉም ቢጸናለት 66 ይሆናል። ስለዚህ 33ቱን ቤት በሰባት ቅጥያ ቤት በቤት መውረድ ከ«ሀ» ጀምሮ «በ» ላይ ያቆማችኋል። ልጁም በዚያ ፊደል የሚያነበው ነገር አያገኝም።

እኔ የምለው፣ ቃል ቶሎ በሚያሠሩ ቤቶች ጀምሩ፦ በ፣ ለ፣ መ፣ ሰ፣ ተ፣ ነ፣ አ፣ ከዚያ ረ፣ ደ፣ ከ፣ ገ፣ የ። ከየቤቱም መጀመሪያ ግዕዝ፣ ራብዕና ሳድስ (እንደ በ፣ ባ፣ ብ) ብቻ። በእነዚህ ብቻ ስንት ቃል እንደሚሠራ ስታዩ ትገረማላችሁ። ቀጥሎ ካዕብን፣ ሣልስንና ኃምስን በቤት ሳይሆን በምልክታቸው አስተምሩ። የካዕብ ቅጥያ ከቀኝ ጎን መሐል ላይ ትወጣለች፦ ቡ፣ ሉ፣ ሙ፣ ሱ። የሣልስ ከቀኝ እግር ሥር ትወጣለች፦ ቢ፣ ሊ፣ ሚ፣ ሲ። የኃምስ ያቺው ቦታ ላይ ትሆንና ክብ ትሠራለች፦ ቤ፣ ሌ፣ ሜ፣ ሴ። ልጁ ምልክቷን አንዴ ከያዘ በሚያውቀው ቤት ሁሉ ላይ ይሠራባታል፤ 12 ሆሄ ለየብቻ መሸምደድ ቀርቶ አንድ ነገር ተማረ ማለት ነው። እንደ ረ እና ፈ ያሉት ከዚህ ሥርዓት ወጣ ይላሉ፤ ሩ፣ ሪ፣ ር፣ ፍ የመሳሰሉትን አታደባልቁ፣ ለብቻቸው ካርድ ሥሩላቸው።

ሁለት ቦታ ላይ ግን ቀስ በሉ።

ራብዕና ሳብዕ፦ ሁለት እግር ባላቸው ብዙ ሆሄዎች ላይ ራብዕ ቀኝ እግሩ ይረዝማል፣ ሳብዕ ግራው። ባና ቦ፣ ዳና ዶ፣ ካና ኮ፣ ሳና ሶ ግራ ቀኛቸው የተገላበጠ መልክ ነው ያላቸው፤ ልጆች ከምንም በላይ የሚሳሳቱት እዚህ ነው። በአንድ ቀን ጎን ለጎን አታስተምሯቸው። ራብዕ በስድስት ሰባት ቤት ላይ ያለ ማመንታት ሲነበብ፣ ቢያንስ ሳምንት ቆይታችሁ ሳብዕን አምጡ። ከጸና በኋላ ብቻ አደባልቁ፤ ያኔ ዳማና ዶማ፣ ካባና ኮባ፣ ካራና ኮራ ጥሩ መለያ ናቸው፤ አንድ እግር ተሳስቶ ሲነበብ ትርጉሙ ሌላ ስለሚሆን ልጁ ራሱ ይሰማዋል።

ሁለተኛው፣ ሳድሱ ሆሄ፦ «ም»ን ለብቻ ስትጠሩት አናባቢ ታስገቡበታላችሁ፤ ግድ ነው። ልጁ «ላም»ን ሲያነብ ያንኑ ይዞ «ላ-ምእ» ይላል፤ ሁለት ቁራሽ ድምፅ ይዞ ይቀራል። የቃል መጨረሻ ላይ ሳድስ ከንፈር ወይም ምላስ ዘግቶ እንደሚቆም በአፋችሁ አሳዩት፦ ላም፣ ላብ፣ ሳል። «ም» በ«ምን» መጀመሪያ ላይ ግን ትከፈታለች። መሐል ላይ ስትመጣ ሁለቱንም ይሞክርና የሚያውቀው ቃል የወጣበትን ይያዝ። ይህን ማንም ሳይነግራቸው «ማጣመር አይችልም» የተባሉ ልጆች ብዙ ናቸው።

የፊደል ገበታ፦

ሳድስ ያልከው ጥሩ ነው ወንድሜ፤ አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። የቤት ቅደም ተከተሉን ጨርሶ መተው አይገባም። ልጁ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚያገኘው ገበታ «ሀ ሁ ሂ ሃ» የሚል ነው። አንድ ሆሄ ሲጠፋው ተመልሶ የሚፈልግበት ቦታ ይፈልጋል። የቆዩት መምህራን ሀሁን ካስቆጠሩ በኋላ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» የሚያስቆጥሩት ለዚሁ ነው፦ ቤቱም ቅጥያውም በየሆሄው ስለሚቀየር ዜማው ልጁን አይሸከመውም፣ ሆሄውን ማየት አለበት። ሀሁን ይወቅ፣ ከዚያ በአቡጊዳና በተዘበራረቀ ንባብ ይፈተን።

ሳድስ፦

ለ1ኛ ክፍል ልጅ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። እነዚህ ልጆች ግን ዜማውን ቀድሞውኑ ያውቁታል፤ የጠመዳቸውም እሱ ነው። ገበታውን ግድግዳ ላይ ስቀሉት፣ ይፈልጉበት። ከ22 ክፍለ ጊዜ ላይ ግን ለማስቆጠር ደቂቃ አልቆርስም። አቡጊዳው ግን በየሳምንቱ ለፈተና ግሩም ነው፤ ወስጄዋለሁ።

ሰሌዳና ጠመኔ፦

ደቂቃ በደቂቃ ለጠየቃችሁት፣ ለሀ እና ለለ ቡድን የሚሆን 45 ደቂቃ ይኸውላችሁ።

5 ደቂቃ ካርድ። 12 ካርድ፤ 8ቱ የሚያውቁት፣ 4ቱ የትናንትናና የዛሬው። ልጁ በ3 ሰከንድ ካልጠራው ንገሩት፣ ይድገመው፣ ካርዱ ሦስት ካርድ ወደ ኋላ ይግባና በቶሎ ተመልሶ ይምጣ። የማያውቁት ከአራት ከበለጠ ልምምድ መሆኑ ቀርቶ ፈተና ይሆናል።

5 ደቂቃ የጆሮ ሥራ፦ ማጣመር፣ መነጠል፣ «‹ሰማይ› ያለ ‹ሰ› ምን ይቀራል?»። ጠጠር ወይም ቁልፍ ተጠቀሙ፤ ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ጠጠር ወደ ፊት ይግፉ።

10 ደቂቃ ቃል ምሥረታ። ለእያንዳንዱ ልጅ የሆሄ ካርዶቹ ፊቱ ይቀመጡ። አንድ ሆሄ ብቻ እየለወጣችሁ ሂዱ፦ ላም፣ ላብ፣ ሳብ፣ ሳል፣ ባል፣ ቃል። እናንተ ቃሉን ትናገራላችሁ፣ ልጁ የትኛው ሆሄ እንደሚነሳ ራሱ ይወስናል። እዚህ ላይ መቸኮል የለም፤ «ላብ» ወደ «ሳብ» ሲለወጥ እጁ የመጨረሻዋን ሆሄ ላይ ከሄደች ልጁ ድምፁ ቃሉ ውስጥ የት እንዳለ አልለየም ማለት ነው። ቅጥያ ለማስለየት በላ፣ ብላ፣ ብሉ፣ በሉ ጥሩ ሰንሰለት ነው።

7 ደቂቃ የቃል ጽሕፈት። አምስት ቃልና አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሁሉም ከተማሩት ሆሄ ብቻ። ልጁ ከመጻፉ በፊት ቃሉን ይድገመው፣ ይነጥለው፣ ከዚያ ይጻፍ። እርማቱ እዚያው፣ ገና እስክሪብቶው እጁ ላይ ሳለ ይደረግ።

13 ደቂቃ ምንባብ። 5 ደቂቃ እናንተ የምታነቡላቸው ታሪክ፤ ይህኛው ከእነሱ የንባብ አቅም በላይ ይሁን። ራሳቸው የሚያነቡት ቀላል ስለሆነ ቃላትና ሐሳብ የሚያገኙት ከዚህ ነው።

በምንባቡ ጊዜ ተራ በተራ አታስነብቡ። 13 ደቂቃ ለአራት ልጅ ሲካፈል ለአንዱ 3 ደቂቃ ነው፤ የቀረውን 10 ደቂቃ ተራውን እየጠበቀ ያሳልፈዋል። በኅብረት ማስነበብም የሚችለው ድምፅ የማይችለውን ይሸፍነዋል። ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ በሹክሹክታ፣ በየራሳቸው ፍጥነት ያንብቡ። ወጥ እንዳይሆን በ10 ሰከንድ ልዩነት አስጀምሯቸው። እናንተ ወደ አንዱ ጠጋ ብላችሁ አንድ ደቂቃ ያህል አዳምጡ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ። የጨረሰ እንደገና ይጀምራል፤ ሦስት ጊዜ ማንበቡ ቅጣት ሳይሆን ሥራው ራሱ ነው። መሸምደዱን ከጠረጠራችሁ ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ወደ ላይ እንዲያነብ ጠይቁት።

ሌላ፣ አራቱን ቀን ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ዓርብ አድርጓቸው። ሦስት ቀን ተከታታይ እረፍት ካለ ሰኞን ሙሉ ለክለሳ ትሰጣላችሁ።

የክረምት አስተባባሪ፦

ይህን አትመን ለረዳቶቹ እንሰጣለን። ግን «ከተማሩት ሆሄ ብቻ» የሆነ ምንባብ ከየት ይመጣል? ያሉን የተረት መጻሕፍት ሁሉንም ፊደል የያዙ ናቸው።

ሳድስ፦

ጻፉት። ከሚመስላችሁ ይቀላል። ይህን ተመልከቱ፦

«አንበሳ ተነሳ። አንበሳ ላም በላ። አንበሳ ታመመ።»

ሰባት ቃል፣ 10 ሆሄ ብቻ፦ አ፣ ን፣ በ፣ ሳ፣ ተ፣ ነ፣ ላ፣ ም፣ ታ፣ መ። ሁሉም ግዕዝ፣ ራብዕና ሳድስ ናቸው። መነሻ አለው፣ ድርጊት አለው፣ መዘዝም አለው፤ ስለዚህ «ለምን ታመመ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። በሁለተኛው ሳምንት ረ እና ገ ሲጨመሩ ታሪኩን አርዝሙት። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የተማሯቸውን ሆሄዎች በወረቀት አናት ላይ ጻፉ፣ ከሥር ቃል ዘርዝሩ፣ ከቃሉ ዓረፍተ ነገር ሥሩ፣ በመጨረሻ ሆሄ በሆሄ እየፈተሻችሁ ያልተማሩት ሾልኮ ከገባ አውጡ። ያልተማሩት ሁልጊዜ የሚገባው በ«ነው»ና በ«ናቸው» ነው፤ እነዚህን ቀድማችሁ አስተምሩ ወይም በግስ ጨርሱ። ጽሑፉ ተለቅ ባለ መጠን፣ 18 ወይም 20 ነጥብ ይታተም። በቃላት መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ይኑር። ሥዕል ካለ ከገጹ ጀርባ ይሁን፤ ልጁ ካነበበ በኋላ ያየዋል።

ቀይ እስክሪብቶ፦

የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቹን በተመለከተ፣ ስለ ንባብ ንድፈ ሐሳብ አታስተምሯቸው፤ አንድ ነገር ብቻ እስኪዋሐዳቸው አለማምዷቸው፦ ልጅ ሲሳሳት የሚያደርጉትን።

ልጁ ሲቆም 3 ሰከንድ ይጠብቁ፤ በውስጣቸው ይቁጠሩ። ሲሳሳት ደግሞ ሐረጉን እስኪጨርስ፣ ምናልባት ራሱ ያርመዋል። ካላረመ፣ የሳታት ሆሄ ሥር ጣታቸውን አሳርፈው «ይህቺን ጥራት» ይበሉ። ካልጠራት ይንገሩት። ልጁ ቃሉን ከመጀመሪያው ያጣምራል። ከዚያ፣ ይህ ነው የሚረሳው፣ ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ተመልሶ እንደገና ያነባል። ካልተመለሰ ቃሉን አረመ እንጂ ዓረፍተ ነገሩን አላነበበም።

የማይባሉ ነገሮች ደግሞ አሉ። «ገምት»፣ «ሥዕሉን እይ»፣ «በምን የሚጀምር ይመስልሃል?» አይባልም፤ ከዓይኑ ላይ ሆሄዋን ነጥቆ ወደ ግምት ይመልሰዋል። «ቀላል እኮ ነው» ከሁሉ የከፋው ነው፤ ቀላል የተባለው ሲያቅተው ልጁ ምን እንደሚያስብ አስቡት። ምስጋናም «ጎበዝ» ብቻ አይሁን፤ «‹ዶ›ን ‹ዳ› ብለህ ነበር፣ ራስህ ተመልሰህ አረምከው» ቢባል ልጁ ያደረገውን ነገር ያውቀዋል፣ ይደግመዋልም።

አንዱ ረዳት ልጅ ሆኖ እየተሳሳተ ሌላው እያረመ ለ20 ደቂቃ ይለማመዱ። ከዚያ መምህሩ በየሳምንቱ አንድ ክፍለ ጊዜ ጎናቸው ተቀምጦ ይይ።

የአራተኛ ክፍል፦

ስለ ሐ ቡድን እስካሁን የተባለ የለም፤ ከ4ኛ ክፍል ደግሞ የሚመጡት አብዛኞቹ እዚህ ይወድቃሉ።

የአማርኛ ቃል ፊትም ኋላም ይለጠፍበታል። «ለልጆቻቸውም» አንድ ቃል ነው፤ የሚቸገር ልጅ ግን ሰባት ሆሄ ተከታትሎ ሲያይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ያነብና ቀሪውን ይፈጥራል። መሰላል ሥሩለት፣ አንዱን ከአንዱ በታች፦

ልጅ
ልጆች
ልጆቻቸው
ለልጆቻቸው
ለልጆቻቸውም

ወደ ታች ያንብብ፣ ከዚያ ወደ ላይ። «ጅ» ወደ «ጆ»፣ «ች» ወደ «ቻ» እንደተለወጡ ጣቱን አሳርፎ ያሳያችሁ። ልጁ «ልጆች»ን በመልኩ ቢያውቅም «ልጆቻቸው» ውስጥ «ች»ን አያገኛትም፤ መነሻውን ቃል የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው። በሳምንት አንድ ነገር ውሰዱ፦ የፊት ጭማሪዎቹ (የ፣ በ፣ ከ፣ ለ፣ ስለ፣ እንደ)፣ የኋላዎቹ (ኦች፣ ኣቸው፣ ን፣ ም)፣ ከዚያ ሁለቱን ጎን የሚይዘው አሉታ (አልመጡም፣ አላነበበችም)። በምንባቡ ላይ የፊቱንና የኋላውን በእርሳስ በቀጭን መስመር ከፍለው ያንብቡ፤ በሁለተኛው ንባብ መስመር የሌለበትን ቅጂ ስጧቸው።

የምንባቡ ክብደት፦ ከ100 ቃል ወደ 95 የሚጠጋውን በትክክል የሚያነበው ይሁን። ከ90 በታች ከሆነ ጽሑፉን ለውጡ። ያ ጽሑፍ የሚያስተምረው መገመትን ነው።

ለቅልጥፍና፣ 80 እስከ 100 ቃል ያለው ጽሑፍ በሳምንት ውስጥ በአራቱም ቀን ይነበብ። ሰኞ መምህሩ አንብቦ ያሰማል፣ ማክሰኞ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ሐሙስ ለብቻ፣ ዓርብ የ1 ደቂቃ መለኪያ። ከእንግሊዝኛ የተወሰደ «በደቂቃ ይህን ያህል ቃል» የሚል ሰንጠረዥ ካገኛችሁ እንዳለ አትጠቀሙበት። በእንግሊዝኛ አራት ቃል የሚፈጀውን አማርኛ በአንድ ቃል ስለሚለው ቁጥሩ አይነጻጸርም። ልጁን ከራሱ ካለፈው ሳምንት ጋር ብቻ አነጻጽሩ።

ስለ መጥበቅና መላላትም ልበል። «አለ»፣ «ገና»፣ «ዋና»፣ «ይበላል» ጠብቀውም ላልተውም ይነበባሉ፤ ጽሑፉ አይነግርም። «ልጁ ቤት አለ» የሚለውን አላልቶ ያነበበ ልጅ ሆሄ አልሳተም፤ እንደ ስህተት አትቁጠሩበት። «ትርጉም ሰጠህ?» ብላችሁ ግን አስመልሱት። ዓረፍተ ነገሩን እያሰበ ማንበብ የሚለምደው እዚህ ነው።

የማታ አንባቢ፦

የ1 ደቂቃው መለኪያ ላይ ጥያቄ አለኝ። ሰዓት ሲያዩ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ልጆች አሉ። ለእነዚህ ልጆች ጉዳቱ አይበልጥም?

የአራተኛ ክፍል፦

ትክክለኛ ስጋት ነው። ሰዓቱን አታሳዩ፣ «ፍጠን» አትበሉ። ሙሉውን ጽሑፍ ያንብብ፤ እናንተ 60 ሰከንድ ሲሞላ የደረሰበት ቃል ላይ ምልክት አድርጋችሁ ዝም በሉ። ቁጥሩን በግል አሳዩት እንጂ ግድግዳ ላይ የሁሉንም ስም ይዞ የሚለጠፍ ሰንጠረዥ አይኑር። ለሀ ቡድን ደግሞ ጨርሶ አትለኩ፤ ሆሄ ላልጸናለት ልጅ ፍጥነት ምንም አይነግራችሁም።

ልዩ ፍላጎት፦

ከመጀመራችሁ በፊት የዓይንና የጆሮ ጉዳይ ይጣራ። ወረቀቱን አፍንጫው ሥር የሚያስጠጋ፣ አንድ ዓይኑን የሚሸፍን፣ ሰሌዳ ሲያይ ዓይኑን የሚያጠብ፣ ስሙ ከጀርባው ሲጠራ የማይዞር፣ «ተ»ንና «ጠ»ን፣ «ከ»ንና «ቀ»ን በጆሮ የማይለይ ልጅ ካለ ቤተሰቡ ወደ ጤና ባለሙያ እንዲወስደው ንገሩ። መነጽር ለሚያስፈልገው ልጅ 22 ክፍለ ጊዜ ካርድ ማሳየት ልጁን መበደል ነው።

በቤተሰባቸው ማንበብ የተቸገረ ሰው እንዳለም በለሆሳስ ጠይቁ፤ ዲስሌክሲያ (ማንበብን የሚያስቸግር ተፈጥሯዊ ችግር) በቤተሰብ ውስጥ ሊተላለፍ ይችላል። እናንተ ግን ስም አትለጥፉ። የእናንተ ሥራ መመዝገብ ነው። አንድ ልጅ ሳይቀር መጥቶ፣ ሥራው በትክክል ተሰጥቶት፣ በ3 ሳምንት ውስጥ ያጸናቸው ሆሄዎች ቁጥር ካልጨመረ የሥራውን ዓይነት ከመቀየር በፊት መጠኑን ቀይሩ፦ ከሦስት ልጅ ወደ አንድ ለአንድ፣ በቀን ከ3 አዲስ ሆሄ ወደ 1፣ ክለሳውን እጥፍ። የ4ኛ ክፍል ልጅ ከ2ኛ ክፍል ልጅ ጋር ሀ ቡድን ውስጥ ቢወድቅ ደግሞ የሚያነበው ነገር ሕፃን ሕፃን የማይል መሆኑን አረጋግጡ። ቡድኖቹንም ሀ፣ ለ፣ ሐ እያላችሁ በልጆቹ ፊት አትጥሩ፤ በረዳቱ ስም ይጠሩ።

ወላጅ፦

ቤት ውስጥ ምን እናግዝ? ማንበብ የማንችል ወላጆችም አለን።

ሰሌዳና ጠመኔ፦

እህቴ ወይም ወንድሜ፣ በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል። ልጁ በዕለቱ ያነበበውን ገጽ ይዞ ይመጣል፤ አዲስ ነገር አይላክም። ማንበብ የማይችል ወላጅ ልጁ ሲያነብለት ጣቱ ከቃሉ ሥር እየሄደ መሆኑን ያያል፣ ሲጨርስ «ምን ሆነ? ማን ምን አደረገ? ከዚያስ?» ብሎ ይጠይቃል። የጆሮ ሥራውን ደግሞ ወረቀት ስለማይፈልግ ማንም ሊያሠራው ይችላል። ልጁ ደክሞት ከሆነ ይቅር፤ በለቅሶ የተነበበ ገጽ ለነገው ዕዳ ነው።

የክረምት አስተባባሪ፦

ሁለት የቀሩኝ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ሰ፣ ሠ የመሳሰሉትን እንዴት እናድርግ? ልጆችን ከቡድን ወደ ቡድን የምናዛውረውስ መቼ ነው?

ሳድስ፦

ለሀ ቡድን ከእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ሆሄ ብቻ፦ ሀ፣ ሰ፣ አ፣ ጸ። ሌሎቹን በአምስተኛው ሳምንት በንባብ ብቻ አሳዩ፣ «ይህም እንደዚያው ይነበባል» ብላችሁ። በቃል ጽሕፈት «ሠራ»ን «ሰራ» ብሎ የጻፈ ልጅ ድምፁን በትክክል ለይቷል፤ በዚህ ክረምት ቀይ አታድርጉበት።

ቀይ እስክሪብቶ፦

ዝውውሩን በ2ኛውና በ4ኛው ሳምንት ዓርብ አድርጉት። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ ይኑር፦ የጸኑ ሆሄዎች፣ የሚምታቱበት ጥንዶች፣ የዓርብ ንባቡ፣ የቀረባቸው ቀናት። መቅረትን በቁም ነገር ያዙት፤ ሁለት ቀን የቀረ ልጅ ያለፉትን 6 ሆሄ ሳያገኝ ከቡድኑ ጋር ቢቀጥል ከዚያ ቀን በኋላ ያለው ምንባብ ሁሉ ቀዳዳ ይሆንበታል። ሲመለስ ረዳቱ ከክፍለ ጊዜው በፊት 10 ደቂቃ ለብቻው ይያዘው። ለዝውውር መስፈርቱ፣ ልጁ የቡድኑን ሆሄዎች ተዘበራርቀው ያለ ማመንታት ከጠራና ትርጉም ከሌላቸው 10 ቃላት 8ቱን ካነበበ ይለፍ።

በ6ኛው ሳምንት የመጀመሪያውን ምዘና በዚያው ወረቀት ድገሙትና ገጹን በመስከረም ለሚረከበው የክፍል መምህር ስጡ። «ተሻሽሏል» ብቻ ከሆነ አይጠቅመውም። «ባና ቦ ለይቷል፣ ጃና ጆ ገና፤ ሳድስ በቃል መሐል ይቸግረዋል፤ ሦስት ሆሄ ያለውን ቃል ያጣምራል፣ አምስት ላይ ይሰበራል» ብላችሁ ከጻፋችሁለት ግን መምህሩ በመጀመሪያው ሳምንት ከየት እንደሚቀጥል ያውቃል።

የክረምት አስተባባሪ፦

እግዜር ይስጥልን። የ60 ሆሄውን ወረቀትና የትርጉም የለሽ ቃላቱን ዝርዝር ነገ አዘጋጅቼ እዚሁ እለጥፋለሁ፤ ያልተመጣጠነ ቅጥያ ካለ ጠቁሙኝ።

ሳድስ፦

ስትለጥፈው ከየቅጥያው ስምንት ወይም ዘጠኝ መኖሩን ቁጠር። ባና ቦ፣ ዳና ዶ ጎን ለጎን እንዳይውሉም አራርቃቸው።